የሰበቃን ኃይል የመዘነው የጦር መሐንዲስ
የሻርል ኦጉስታን ኩሎም የሕይወት ታሪክ

ሮሽፎር በምዕራብ ፈረንሳይ፣ የሻራንት ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በዳርቻው የተቆረቆረች ከተማ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1666 ጀምሮ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መርከቦች የሚሠሩባት ቦታ ስለ ነበረች፣ የወንዙ ዳር በግንድ ክምር፣ በገመድ ጥቅልና በመልሕቅ የተሞላ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የጦር መርከብ ተሠርቶ ሲያልቅ ወደ ወንዙ ባዘነበሉ ወፋፍራም ግንዶች ላይ ተቀምጦ ይቆያል። ግንዶቹ ሞራ ይቀባሉ። የመጨረሻዎቹ ድጋፎች ተመትተው ሲወድቁ ያ ሁሉ እንጨትና ብረት በገዛ ክብደቱ ተንሸራትቶ ወደ ውሃው መውረድ አለበት። ተዳፋቱ ከልክ በላይ ከሆነ መርከቡ ሠራተኛው ከአጠገቡ ዞር ሳይል ይፈተለካል። ካነሰ ደግሞ ከነጭራሹ አይነቃነቅም፤ ወይም መንገድ ላይ ይቆምና ግማሽ አካሉ በግንዱ ላይ፣ ግማሹ ያለ ድጋፍ በአየር ላይ ሆኖ ወገቡ የሚሰበርበት አደጋ ይመጣል። ልኩን የሚያውቁት በሥራው ያረጁ አናጢዎች ነበሩ። እነርሱም ቢሆኑ የሚያውቁትን በእጃቸውና በዓይናቸው ያውቁት ነበር እንጂ በቁጥር ሊያስረዱት አይችሉም ነበር።

በ1779 ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር በጦርነት ላይ ነበረች። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ኤርሚዮን የተባለችው ፍሪጌት ከሮሽፎር ወደ ውሃ ወርዳለች። በዚያው ዓመት ነበር በጦር መሐንዲሶች ክፍል የሚያገለግል፣ ዕድሜው አርባ ሦስት የደረሰ፣ ጤናው በቆላ በሽታ የተጎዳ አንድ መኮንን በወደቡ አጠገብ ላለ የምሽግ ሥራ ተመድቦ የመጣው። ይህ ሰው ሻርል ኦጉስታን ኩሎም ነበር። የኤሌክትሪክ ትምህርት የተማረ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ የኤሌክትሪክ ሙል መለኪያ የሆነው ኩሎምብ የተሰየመው በእርሱ ነውና። ይሁን እንጂ በወታደርነቱ ዘመን ያደረገው ታላቅ ሥራ ከኤሌክትሪክ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሳለ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ኃይል፣ ማለት በሳይንስ መማሪያ መጻሕፍታችን ሰበቃ የሚባለው፣ መጠኑ በምን እንደሚወሰን በጥንቃቄ መዝኖ ያስረዳው እርሱ ነው።

ኩሎም በሰኔ 14 ቀን 1736 በአንጉሌም ከተማ ተወለደ። አንጉሌም በዚያው በሻራንት ወንዝ ላይ፣ ከሮሽፎር ሽቅብ የምትገኝ ከተማ ናት። አባቱ የንጉሡን ርስትና ገቢ ከሚቆጣጠሩት ሠራተኞች አንዱ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ከተዛወረ በኋላ ልጁ በታወቀው በማዛረን ኮሌጅ ትምህርት እየተከታተለ ሳለ ልቡ ወደ ሒሳብና ወደ ሥነ ፈለክ አዘነበለ። እናቱ ግን ሐኪም እንዲሆን ትፈልግ ነበር። ክርክሩ ከረረና እናቱ ፊቷን አዞረችበት። አባቱ በበኩሉ በገንዘብ ንግድ ገብቶ ሀብቱን በመክሰሩ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ሞንፔልዬ ተመልሶ ስለ ነበር፣ ወጣቱ ኩሎም አባቱን ተከትሎ ወደ ደቡብ ወረደ። በዚያም በ1757 በከተማይቱ የሳይንስ ማኅበር ውስጥ በረዳት አባልነት ተቀበሉት።

የዕውቀት ፍቅር ብቻውን እንጀራ አይሆንምና ሥራ መፈለግ ነበረበት። ሀብት ለሌለውና ሒሳብ ለሚወድ ወጣት በዚያ ዘመን ክፍት ከነበሩት ጥቂት በሮች አንዱ የጦር መሐንዲስነት ነበር። በ1760 መጀመሪያ በሜዚዬር ወደሚገኘው የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱ በዘመኑ በአውሮፓ ከነበሩት ሁሉ የላቀ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ድንጋይ አጠራረብን፣ የምሽግ አሠራርን፣ ሒሳብንና ንድፍን አንድ ላይ አድርጎ ያስተምር ነበር። ኩሎም በ1761 መጨረሻ በመቶ አለቅነት ማዕረግ ተመረቀ። መጀመሪያ የተመደበው በብሬስት ወደብ፣ የባሕሩን ዳርቻ ካርታ በማንሣት ሥራ ላይ ነበር። ከዚያም በ1764 አንድ ሌላ መሐንዲስ በመታመሙ በእርሱ ምትክ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ወደ ማርቲኒክ ደሴት እንዲሄድ ታዘዘ።

ማርቲኒክ በካሪብ ባሕር የምትገኝ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች። ከአፍሪካ በግፍ ተግዘው የመጡ ባሮች በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ እየደከሙ ባለ እርሻዎቹን ያበለጽጉባት ነበር። እንግሊዞች በ1762 ያዙዋት፤ በ1763 በተደረገው የፓሪስ ውል ተመለሰች። ፈረንሳይ ሀብቷን ደግማ እንዳታጣ ስትል ከዋናው ወደብ በላይ በተራራው ላይ ቡርቦን የተባለ ታላቅ ምሽግ እንዲሠራ ወሰነች። የሥራው ኃላፊነት በዚያ ወጣት መኮንን ላይ ወደቀ። በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን እየመራ፣ ተራራ እያስቆረጠ፣ ድንጋይ እያስነባበረ እስከ 1772 ድረስ ስምንት ዓመት ያህል በዚያ ቆየ። ከእርሱ ጋር የተሻገሩ ብዙዎች በበሽታ አለቁ። እርሱም ደጋግሞ ታሞ ሞት አፋፍ ደርሶ ተመለሰ፤ ጤናው ግን ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ነገር ግን ኩሎም በማርቲኒክ ያሳለፈውን ጊዜ በከንቱ አላሳለፈውም። ከሜዚዬር ይዞት የመጣው ትምህርት በተራራው አፈር ፊት ብዙ ጊዜ አልረዳውም። በመጽሐፍ ላይ ያለው ግንብ ንጹሕ መስመር ነው፤ የማርቲኒክ ግንብ ግን ከኋላው ዝናብ የጠገበ አፈር የሚገፋው ነው። አፈሩ ምን ያህል ይገፋል? ግንቡስ ምን ያህል ቢወፍር ይችላል? ቢያንስ ወታደር የተጠጋበት ግንብ ይፈርሳል፤ ቢበዛ የመንግሥት ገንዘብና የሰው ጉልበት ያለ ጥቅም ይፈስሳል። ኩሎም የራሱን መልስ በማስታወሻ እየያዘ ቆየና ወደ አገሩ ሲመለስ በ1773 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበው። አፈር ተንሸራትቶ እንዳይናድ የሚይዙት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን አስረዳ። አንደኛው የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚጣበቁበት ኃይል ነው። ሁለተኛው ሰበቃ ነው፤ እርሱም በላዩ የሚጫነው ክብደት በጨመረ መጠን አብሮ ይጨምራል። ዛሬም የግድብ፣ የመንገድና የሕንፃ መሐንዲሶች የአንድን ቁልቁለት ጥንካሬ ሲያሰሉ የሚነሡት ከዚህ ነው።

ከማርቲኒክ በኋላ በቡሼን፣ ቀጥሎም በሼርቡር አገለገለ። በሼርቡር ሳለ በ1777 የሳይንስ አካዳሚው ስለ ኮምፓስ መርፌ አሠራር ባወጣው ውድድር ሽልማት ተካፈለ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። በዘመኑ የነበሩት ኮምፓሶች መርፌያቸው በሾለ እንዝርት ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ነበርና፣ በእንዝርቱና በመርፌው መካከል ያለው ሰበቃ ጥቃቅኑን የመግነጢስ ለውጥ እንዳይታይ ያደርገው ነበር። ኩሎም መርፌውን ከእንዝርቱ አንሥቶ በቀጭን ክር ሰቀለው። ክር ሲጠመዘዝ ደግሞ የሚመልሰው የራሱ ኃይል አለው። ይህን የጥምዘዛ ኃይል መለካት ስለ ነበረበት ለካው፤ ኋላ ኤሌክትሪክን የመዘነበት ሚዛንም ከዚሁ ክር የተገኘ ነው። እንግዲህ ሰውየው ለዓለም የታወቀበት መሣሪያ የተወለደው ሰበቃን ለመሸሽ ካደረገው ጥረት ነው ማለት ይቻላል።

ሰበቃን ፊት ለፊት የገጠመው ግን በሮሽፎር ነው። የተላከው ሞንታላምቤር የተባለው መኳንንት በኤክስ ደሴት ላይ ከእንጨት ለሚያሠራው ምሽግ እንዲረዳ ነበር። በዚያን ጊዜ አካዳሚው ስለ መሣሪያዎች ሰበቃና ስለ ገመድ ድርቅና የሽልማት ጥያቄ አውጥቶ አጥጋቢ መልስ ባለማግኘቱ ሽልማቱን በእጥፍ አሳድጎ ለ1781 አስተላልፎት ነበር። ውድድሩ አንድ ጠንካራ ሁኔታ ነበረው፤ ሙከራው በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ መጫወቻ ሳይሆን በእውነተኛው ትልቅ ሥራ መጠን መካሄድና ለባሕር ኃይሉ የሚጠቅም መሆን ነበረበት። ይህ ለከተማ ሊቃውንት አስቸጋሪ ነው። ግንድ፣ ገመድ፣ መዘውርና ጉልበት በእጁ ላለ የጦር መሐንዲስ ግን በር እንደ ተከፈተለት ያህል ነበር።

ስለ ሰበቃ ከእርሱ በፊት ምን ይታወቅ ነበር? ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ሞክሮት በማስታወሻው ላይ አስፍሮታል፤ ሳይታተም በመቅረቱ ግን ማንም አልተጠቀመበትም። በ1699 ጊዮም አሞንቶን የተባለ ፈረንሳዊ ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛ፣ ሰበቃ የሚጨምረው በሚጫነው ክብደት መጠን ነው። ሁለተኛ፣ የሚነካኩት ገጾች ስፋት ሰበቃውን አይለውጠውም። የመጀመሪያውን ማንም ይቀበለዋል። ሁለተኛው ግን የአካዳሚውን አባላት እንኳ አስደንቆ ነበር። አንድ ከባድ ሣንቃ በጠፍጣፋው ጎኑም ተኛ በቀጭኑ ጠርዙ ቆመ፣ ለመጎተት የሚፈልገው ጉልበት አንድ ነው ማለት ነውና። የብዙ ሰው ግምት ይህን ይቃወማል። እኔም በጦር አካዳሚ ተማሪ ሳለሁ ይህን ትምህርት የሰማሁ ዕለት መምህሩ የተሳሳተ መስሎኝ እንደ ነበር አልደብቅም።

ኩሎም የሠራው መሣሪያ ሲያዩት ቀላል ነው። ኦክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት እጅግ የከበደ ጠረጴዛ አበጀ፤ በላዩ ሁለት ረጃጅም ወፍራም ግንዶችን አጋደመ። በግንዶቹ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ሸርተቴ አደረገ፤ የሸርተቴውን ሆድ እንደ ፈለገው ሰፊ ወይም ጠባብ፣ ከኦክ፣ ከጥድ ዓይነት እንጨት፣ ከብረት ወይም ከናስ ሊያደርገው ይችል ነበር። ከሸርተቴው የታሰረ ገመድ በመዘውር ላይ አልፎ የክብደት ሳሕን ይንጠለጠልበታል። በሸርተቴው ላይ ክብደት ይጫናል፤ በሳሕኑ ላይ ደግሞ ሸርተቴው እስኪነቃነቅ ድረስ ክብደት ይታከላል። አንድ ጊዜ ሰባ ፓውንድ ያህል ይጭናል፤ ሌላ ጊዜ ከሁለት ሺህ ፓውንድ የሚበልጥ። ደረቁን ይሞክራል፤ ሞራ ቀብቶ ይሞክራል። ወዲያው ይጎትታል፤ ለጥቂት ደቂቃዎች፣ ለሰዓታት ወይም ለቀናት አሳርፎ ይጎትታል። ውጤቱን ሁሉ በሠንጠረዥ ይጽፋል።

ጥያቄዎቹ አምስት ነበሩ ማለት ይቻላል። የተፋታጊዎቹ ነገሮች ዓይነትና የሚቀቡት ቅባት፣ የገጻቸው ስፋት፣ የሚጫናቸው ክብደት፣ ሳይንቀሳቀሱ ተነካክተው የቆዩበት ጊዜ፣ በመጨረሻም የሚንቀሳቀሱበት ፍጥነት። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ሰበቃውን ይወስናል?

ክብደትን በሚመለከት አሞንቶን ትክክል ሆኖ ተገኘ። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ሰበቃውም ከሞላ ጎደል እጥፍ ይሆናል። ስፋትንም በሚመለከት እንዲሁ ነው። ኩሎም ግን ጠንቃቃ ሰው ነበርና አንድ ነገር ጨመረበት። በስፋት የሚለዋወጥ፣ ከመጣበቅ የሚመጣ ትንሽ ኃይል እንዳለ አየ፤ ጭነቱ ቀላል ሲሆን ይታያል፣ ከባድ ሲሆን ግን ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። እዚህ ላይ በትንንሽ ሞዴል መሞከር ለምን እንደሚያሳስት ግልጽ ነው። በጠረጴዛ ላይ ጥቂት ፓውንድ የሚጎትት ሊቅ ያንን ጥቃቅን ኃይል ዋናው ነገር አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ መርከብ የሚያወርድ ሰው ግን በዚያ ቢመራ ይሳሳታል።

ይህ የክብደት ነገር በተለይ ለእኛ ለወታደሮች አዲስ ሊሆን አይገባም። በክረምት በረጠበ ዳገት ላይ ባዶ ካሚዮን የኋላ እግሩ በከንቱ ሲሽከረከር፣ ጓዶች ወርደው ከመግፋት ይልቅ በኋላው ጎማ በላይ ተጠጋግተው ሲቆሙበት መሬቱን ቆንጥጦ ሲወጣ ያላየ የለም። ጎማው አልሰፋም፣ መሬቱም አልተለወጠም። የተለወጠው ጎማውን ወደ መሬት የሚጫነው ክብደት ነው።

ከሁሉም ይልቅ አስደናቂው ውጤት የጊዜው ነገር ነው። እንጨት በእንጨት ላይ ወዲያው ተቀምጦ ወዲያው ሲጎተት የሚጠይቀው ኃይልና አንድ ሁለት ደቂቃ ካረፈ በኋላ የሚጠይቀው ኃይል አንድ አይደለም፤ ካረፈ በኋላ ይበልጣል። ከዚያ በላይ ቢቆይ ግን ብዙም አይጨምርም። ብረት በብረት ላይ ሲሆን ማረፉ ልዩነት አያመጣም ለማለት ይቻላል። ብረት በእንጨት ላይ ሲሆን ደግሞ ሰበቃው ቀስ እያለ ለቀናት ያድጋል። በቁጥር ለማየት ያህል፣ ደረቅ ኦክ በደረቅ ኦክ ላይ አርፎ ከቆየ ለማስነሣት የክብደቱን ከአምስት እጅ ሁለት እጅ የሚበልጥ ኃይል ይጠይቃል። አንዴ ከተነሣ በኋላ ለማንሸራተት የሚበቃው ግን ወደ አሥረኛው እጅ ግድም ዝቅ ይላል። መርከብ ከመሥሪያው ሲነሣ መጀመሪያ እንቢ ብሎ ቆይቶ ድንገት የሚፈተለከው ለምን እንደ ሆነ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መረዳት ይቻላል። ፍጥነትን በሚመለከት፣ እንጨት በእንጨት ላይ ወይም ብረት በብረት ላይ ሲሄድ በዝግታም ሆነ በፍጥነት ቢጎተት ሰበቃው ያው ነው ለማለት ተቃረበ፤ እንጨትና ብረት ሲገናኙ ግን ፍጥነት የራሱ ድርሻ እንዳለው አልደበቀም።

የመዘውር እንዝርትም፣ ገመድም መረመረ። ገመድ በመዘውር ላይ ሲታጠፍ የሚያሳየውን እንቢታ ደረቅ ሲሆን፣ ሲርስና ዝፍት ሲቀባ ለየብቻ ለካ። ይህ ክፍል ለባሕረኞች የጠቀመ ቢሆንም ለዛሬው አንባቢ ያን ያህል አይማርክም።

ምክንያቱንስ ምን ብሎ አስረዳው? ገጾች ለስላሳ ቢመስሉም በላያቸው ጉብታና ጉድጓድ አለ፤ የእንጨት ቃጫዎች እንደ ሁለት ብሩሽ ፀጉር እርስ በርስ ይጠላለፋሉ አለ። ሸርተቴው ሲነሣ ቃጫዎቹ ይተኛሉ፤ ሲያርፍ እንደገና ይገባባሉ። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ እህሉ አልደቅ ሲላት ድንጋዩን ደግማ የምትወቅር ባልቴት ይህን አባባል ሳትጠራጠር ትቀበለዋለች። ነገር ግን ምክንያቱ ይህ ብቻ እንዳልሆነ ኋላ ታውቋል፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

የመሣሪያዎች ንድፈ ሐሳብን የሚመለከተው ይህ ጽሑፉ በ1781 እጥፉን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠና ኑሮውን በፓሪስ አደረገ። ሃያ ዓመት በጭቃና በድንጋይ መካከል የቆየ ሰው በመጨረሻ ጊዜና ቦታ አገኘ። ከ1785 እስከ 1791 ስለ ኤሌክትሪክና ስለ መግነጢስ ሰባት ጽሑፎችን አከታትሎ አቀረበ። በዚያ በክር በተሰቀለ ሚዛን ሁለት ሙሎች የሚገፋፉበት ኃይል ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ አራተኛው እጅ እንደሚወርድ አሳየ። ይህ ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ስለሚነገር እዚህ ላይ አናስረዝመውም።

የሚበልጠውን የሰውየውን ጠባይ የሚያሳየው በ1783 የደረሰበት ነው። በብሪታኒ ክፍለ ሀገር ታላላቅ የመርከብ ቦዮች ይቆፈሩ የሚል ዕቅድ ተነሥቶ ነበር። የዕቅዱ ደጋፊዎች በመንግሥት ውስጥ ኃይል ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ኩሎም እንዲመረምር ታዘዘ፤ መሬቱን ሄዶ አየ፤ ወጪው ከሚገኘው ጥቅም ጋር እንደማይመጣጠን ጽፎ አቀረበ። ሪፖርቱ አልተወደደለትም። ከጦር ሚኒስትሩ ፈቃድ ሳያገኝ ሥራውን ሄዶ ሠርቷል የሚል ምክንያት ተፈልጎ በፓሪስ በአቤይ እስር ቤት አንድ ሳምንት ታሰረ። ከሠራዊቱ ለመልቀቅ ጠየቀ፤ አልተፈቀደለትም። እንደገና መርምር ተብሎ ተላከ፤ እንደገና መርምሮ ያንኑ ጻፈ። በመጨረሻ የብሪታኒ ምክር ቤት ትክክለኛነቱን አመነለትና ሰከንድ የሚቆጥር ጥሩ ሰዓት ሸለመው። ኩሎምም ያንን ሰዓት ለሙከራዎቹ ተጠቀመበት። በግሌ እንደሚመስለኝ፣ መሐንዲስ የሆነ መኮንን የሚያቀርበው ሪፖርት አለቃው ሊሰማው የሚሻውን ሳይሆን መሬቱ ላይ ያለውን መያዝ አለበት፤ ግንብ በማዕረግ አይቆምም።

የፈረንሳይ አብዮት በ1789 ሲፈነዳ ኩሎም ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። በ1791 በሌተና ኮሎኔልነት ማዕረግ ከሠራዊቱ ተሰናበተ። በ1793 የሳይንስ አካዳሚው ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከክብደትና ከመለኪያ ኮሚሽን ላቮዋዚዬን፣ ላፕላስንና ሌሎችን ጨምሮ እርሱም ተወገደ። ላቮዋዚዬ በግንቦት 1794 አንገቱን ተቀላ። ኩሎም ከጓደኛው ከቦርዳ ጋር በብሉዋ አጠገብ ወደ ነበረው ርስቱ ገለል ብሎ ማዕበሉን አሳለፈ። በ1795 አዲሱ የፈረንሳይ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ተመልሶ አባል ሆነ።

በእነዚያ የኋለኛ ዓመታት ካሳተማቸው ጽሑፎች አንዱ ስለ ሰው ጉልበት ነው። አንድ ሠራተኛ ሳይጎዳ በቀን ምን ያህል ሊሸከም፣ ሊቆፍር፣ ደረጃ ሊወጣ ይችላል? ለዚህ ጥናት ከማርቲኒክ ያመጣው ትዝታ መነሻ ሆነው። በዚያ ሙቀት ወታደሮች ሊሠሩ የሚችሉት በፈረንሳይ ከሚሠሩት ግማሹን እንኳ እንደማይሞላ በዓይኑ አይቶ ነበር። ይህን በቁጥር አስቀምጦ፣ ሰውን ከአቅሙ በላይ መጫን ሥራውን ራሱን እንደሚቀንስ አስረዳ። በሮሽፎር የእንጨትን እንቢታ የመዘነ ሰው የሰውንም ጡንቻ በዚያው ሚዛን ማየቱ ነው፤ የሚያስደንቀው ግን ያ ሁሉ ባለ ባርያ ገዥ በነበረበት ዘመን ለሠራተኛው ዕረፍት በስሌት የተከራከረ የጦር መኮንን መገኘቱ ነው።

ከ1802 ጀምሮ የሕዝብ ትምህርት ጠቅላይ ተቆጣጣሪ ሆኖ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ በየአውራጃው ይዘዋወር ነበር። በዚያው ዓመት የሁለት ልጆቹን እናት በሕግ አገባ። ከማርቲኒክ ያመጣው ሕመም ግን አልለቀቀውም። በነሐሴ 23 ቀን 1806 በሰባ ዓመቱ በፓሪስ አረፈ።

ስለ ሰበቃ የጻፈው በ1821 ከሌሎች ጽሑፎቹ ጋር ተሰብስቦ እንደገና ታተመ። ከ1831 ጀምሮ ደግሞ አርቱር ሞረን የተባለ የመድፈኛ መኮንን በሜስ ከተማ እንደገና ሸርተቴ አስጎትቶ በተሻለ መሣሪያ ለካና ዋናው ሕግ የጸና መሆኑን አረጋገጠ። ምክንያቱ ግን መቶ ዓመት ያህል ጠበቀ። ጠላለፍ የሚሉት ጉብታዎች ብቻቸውን ሰበቃን የሚወስኑ ከሆነ ገጹ በለሰለሰ ቁጥር ሰበቃው መጥፋት ነበረበት፤ እጅግ ተወልውለው የጸዱ ሁለት ብረቶች ግን ሲገጣጠሙ እንዲያውም ይያያዛሉ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ባውደንና ታቦር የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ገለጡት። ሁለት ገጾች ሲነካኩ በእውነት የሚገናኙት በጥቂት ጉብታዎች ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ ለዓይን ከሚታየው ስፋት ከሺህ እጅ አንዱን እንኳ ላይሞላ ይችላል። ክብደት ሲጨመር ጫፎቹ ይጨፈለቃሉ፤ እውነተኛው መገናኛም በዚያው ልክ ይሰፋል። ሣንቃው በጠፍጣፋ ጎኑ ሲተኛ ክብደቱ በብዙ ቦታ ይከፋፈላል፤ በጠርዙ ሲቆም በጥቂት ቦታ አጥብቆ ይጫናል፤ የተጨፈለቁት ጫፎች ድምር ግን ያው ነው። ሲያርፍ ጫፎቹ ቀስ እያሉ ስለሚተኙ መገናኛው ያድጋል፤ በሮሽፎር ሸርተቴው ከዕረፍት በኋላ አልነቃነቅ ያለውም በዚህ ምክንያት ነው። ኩሎም ጫፎቹን ሊያይ የሚችልበት መሣሪያ አልነበረውም፤ በሠንጠረዡ ላይ የጻፋቸው ቁጥሮች ግን ቀድመዋቸው ነበር።